መቅጣትና ማረም የማይነጣጠሉ ተግባራት ናቸው

የአንድ ኅብረተሰብ የሥልጣኔ ደረጃ ከሚመዘንባቸው መለኪያዎች አንዱ ሕግን ለጣሰ አባሉ የሚሰጠው ፍርድ ነው። ኅብረተሰቡ ሰላሙን ካላስከበረ ጉልበተኛው ደካማውን፣ ቀማኛው ሠርቶ አዳሪውን እንዳሻው ያደርገዋል። ሰላሜን አስከብራለሁ ብሎ ወሰን የሌለው ቅጣት የያዘ እንደሆነ ደግሞ ሊያጠፋው የተነሣውን ግፍ ራሱ መልሶ ይወልደዋል። ስለሆነም ወንጀለኛ ይቀጣ ወይስ ይታረም የሚለው ጥያቄ የፍርድ ቤትና የፖሊስ ብቻ ሊሆን አይችልም። የሠራተኛው፣ የነጋዴው፣ የወላጁ፣ የመምህሩ፣ በጠቅላላው የሰፊው ሕዝብ ጥያቄ ነው።

ጥያቄውን በደፈናው ከመተንተን ይልቅ በአንድ ከተማ ተጨባጭ ሁኔታ ላይ ተመርኩዞ መመርመር ይሻላልና ድሬዳዋን እንውሰድ። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረች የንግድና የሠራተኛ ከተማ ናት። ሐዲዱ ከባሕር ወደብ ጋር አገናኛት፤ ዕቃውንም ሰውንም አመጣላት። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው፣ ከውጭም ዓረቡ፣ ግሪኩ፣ አርመኑና ሕንዱ በአንድ ገበያ ተገናኝተው በከዚራና በመጋላ፣ በቀፊራና በለገሃሬ ጎን ለጎን ኖረውባታል። ያው በር ግን ሌላም ነገር አስገብቷል። ቀረጥ ያልተከፈለበት ጨርቅ፣ ሲጋራ፣ ሬዲዮና ሰልባጅ በባቡር ፉርጎ፣ በግመል ጀርባና በጭነት መኪና እየተሸሸገ ሲገባ ኖሯል። የፊናንስ ፖሊስና የኮንትሮባንድ ተሸካሚ ድብብቆሽ የከተማይቱ የዕለት ተዕለት ታሪክ ክፍል ሆኖ ቆይቷል። «ታይዋን» የተባለው ገበያ ስም ራሱ የዚሁ ታሪክ ምስክር ነው።

ስለ ወንጀለኛ ጉዳይ በተነሣ ቁጥር ሁለት አቋሞች ፊት ለፊት ይቆማሉ። አንደኛው «ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል» የሚለውን አባባል ይዞ የሰው ጠባይ ከቶ አይለወጥም፤ መፍትሔው ጠንካራ ክንድና የተቆለፈ በር ብቻ ነው ይላል። ሁለተኛው በአንፃሩ ወንጀለኛ የሁኔታዎች ውጤት ነው፤ የሰረቀው ድህነት እንጂ እርሱ አይደለም፤ ስለዚህ መቅጣቱ በግፍ ላይ ግፍ መጨመር ነው ይላል። ሁለቱም አቋሞች ከእውነቱ ግማሹን ይዘዋል። ግማሹን እንደ ሙሉ አድርገው ማቅረባቸው ግን ሁለቱንም ወደ ስሕተት ይመራቸዋል።

ከሁለተኛው እንጀምር። ድህነት ለወንጀል ለም መሬት መሆኑን የሚክድ የለም። ሆኖም በአንድ ሠፈር፣ በአንድ ዓይነት ችግር ውስጥ ከሚያድጉ ብዙ ወጣቶች መካከል ወደ ስርቆት የሚገቡት ጥቂቶች ናቸው። የቀሩት ጫማ እየጠረጉ፣ ሸክም እየተሸከሙ፣ ባጃጅ እየነዱና በጉልት እየዋሉ በላባቸው ያድራሉ። ወንጀሉን ሁሉ በድህነት ላይ የሚጭን አስተያየት ለድሃው የተቆረቆረ ቢመስልም፣ በመሠረቱ ሠርቶ የሚያድረውን ድሃ የሚሰድብ አስተያየት ነው። ከዚህም በላይ የወንጀሉ ተጠቂ ማን እንደሆነ ይዘነጋል። ሌሊት ቤቷ የሚሰበረው፣ የዕለት ሽያጭዋ ከመቀነቷ የሚነጠቀው የጉልት ነጋዴ ናት። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» እንዲሉ፣ ለተወጋው ፍርድ ያልሰጠ ሕግ የሕዝብን አመኔታ ያጣል። ሕግ አመኔታ ሲያጣ ደግሞ ዱላና ድንጋይ ፍርድ ቤት ይሆናሉ፤ ደም መመለስም ከመቃብሩ ይነሣል።

እንግዲህ ቅጣት አስፈላጊ ነው። ጥያቄው ቅጣት ብቻውን ይበቃል ወይ የሚለው ነው። እዚህ ላይ የመጀመሪያውን አቋም በሒሳብ መመርመር ይገባል። በአገራችን የወንጀል ሕግ መሠረት ቀላል እስራት ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው። ጽኑ እስራት ከ1 ዓመት እስከ 25 ዓመት ይደርሳል፤ ለከባዱ ወንጀልም የዕድሜ ልክ አለ። ጠባዩን ያረመና ለበደለው ሰው በሚችለው መጠን የካሰ እስረኛ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ከፈጸመ በኋላ፣ የዕድሜ ልክ እስረኛም ከ20 ዓመት በኋላ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። ይህ ማለት ዛሬ ወደ ማረሚያ ቤት ከሚገቡት ሰዎች አብዛኞቹ ነገ መውጣታቸው የማይቀር ነው ማለት ነው። የሚመለሱትም ወደ ሌላ አገር አይደለም። የድሬዳዋው ታራሚ የሚመለሰው ወደ ሳቢያን፣ ወደ ገንደ ቆሬና ወደ አዲስ ከተማ ነው። የሚኖረው ከእኛው ጋር፣ የሚገበያየው በእኛው ገበያ፣ ልጁን የሚያስተምረው በእኛው ትምህርት ቤት ነው። ቁልፉ ተወርውሯል ብሎ የሚጽናና ሁሉ በሩ በቀጠሮው ቀን እንደሚከፈት ሊያስታውስ ይገባል። በሩ ሲከፈት የሚወጣው ሰው ከገባው ሰው የተሻለ ነው ወይስ የባሰ? ለኅብረተሰቡ ደህንነት ወሳኙ ጥያቄ ይህ ነው።

የአገራችን የቅጣት ታሪክ በዚህ ረገድ ብዙ ያስተምራል። በጥንቱ ዘመን ሌባ ሻይ ይባል የነበረው ሥርዓት አንድ ልጅ የሚያሰክር ነገር ጠጥቶ ሲንገዳገድ የገባበትን ቤት ባለቤት ሌባ ያሰኝ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ፣ ባለዕዳና ባለገንዘብ በአንድ ሰንሰለት የሚቆራኙበትም ዘመን ነበር። በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕግና እርሱን የተካው የ1949 ዓ.ም. ሕግ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ተባሉ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የዛሬው ሕግ ግን ስሙ የወንጀል ሕግ ነው። ቀድሞ በቅጣትነት የነበረው ግርፋትም ከዝርዝሩ ወጥቷል። እስር ቤቱም እንዲሁ፤ ከወህኒ ቤትነት ወደ ማረሚያ ቤትነት ስሙን ለውጧል፤ እስረኛውም የሕግ ታራሚ ተብሏል። የስም ለውጥ ትንሽ ነገር አይደለም። ከርቸሌ የሚባለው የአዲስ አበባው እስር ቤት «ዓለም በቃኝ» የሚል ስም የወጣለት በከንቱ አልነበረም። የገባበት ሰው ዓለምን ይሰናበታል ማለት ነበርና። ዛሬ በዚያ ሥፍራ ላይ በ2004 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ጽሕፈት ቤት ቆሟል።

ሆኖም ስም ብቻውን ሥራ አይሠራም። ሕግን ያልተከተለ ቅጣት ወዴት እንደሚያደርስ የቅርብ ታሪካችን በደም ጽፎታል። በ1969ና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ዘመን «እርምጃ» የሚለው ተራ ቃል ያለ ፍርድ መግደል ማለት ሆኖ ነበር። ያ ሁሉ ቅጣት ለአገሪቱ ሰላምን አላስገኘላትም፤ ቂምንና የእናቶችን ዕንባ አተረፈላት እንጂ። ከድሬዳዋ ብዙም በማይርቀው በጅጅጋ የነበረው «ጄል ኦጋዴን» በስቃይ ስሙ ገንኖ ኖሮ በ2011 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ሲዘጋ፣ ሰውን አሠቃይቶ ማረም እንደማይቻል ዳግመኛ ተመሰከረ። በእነዚህ ሥፍራዎች ግፍ የፈጸሙት ራሳቸው ወንጀለኞች ናቸው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 28 በሰብአዊነት ላይ የተፈጸመ ወንጀል በምሕረትና በይቅርታ እንዳይታለፍ ደንግጓል። እንግዲህ ጽኑ ቅጣት የሚገባው ወንጀል አለ። ነፍስ የሚያጠፋ፣ ሴትና ሕፃንን የሚደፍር፣ በሥልጣኑ የሕዝብን ሀብት የሚዘርፍ፣ ወጣቱን በተስፋ እያማለለ በበረሃ ወደ ጅቡቲና ወደ የመን ባሕር የሚነዳ የሰው ነጋዴ በእርማት ስም ከቅጣት ሊያመልጥ አይገባውም።

የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 1 ላይ ዓላማውን ሲገልጽ ወንጀልና ቅጣቱን አስቀድሞ በማስጠንቀቅ ወንጀል እንዳይፈጸም መከላከልን ያስቀድማል። ማስጠንቀቂያው በቂ ካልሆነ ወንጀለኛው ተቀጥቶ ዳግም እንዳያጠፋና ለሌሎችም ትምህርት እንዲሆን ወይም እንዲታረም ማድረግን ያስከትላል። አባቶቻችን «ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለህ መከራ ይምከረው» ያሉት ከዚህ ሐሳብ የራቀ አይደለም። የቅጣት ወገኖች ይህን አባባል መጨረሻውን ብቻ ይጠቅሱታል። ምክሩ ሁለት ጊዜ፣ መከራው ግን አንድ ጊዜ መጠራቱን ልብ አይሉም። መከራውም ቢሆን ሥራው መምከር ነው፤ ማጥፋት አይደለም።

በዓለም አቀፍ ደረጃም ሰፊ ልምድ ተከማችቷል። ጣልያናዊው ቤካሪያ እ.ኤ.አ. በ1764 ባሳተመው ጽሑፉ ወንጀልን የሚገታው የቅጣቱ ጭካኔ ሳይሆን የቅጣቱ አይቀሬነት መሆኑን አስረድቷል። እ.ኤ.አ. በ1955 በጄኔቭ የወጣው የእስረኞች አያያዝ አነስተኛ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2015 ታድሶ፣ ሃያ ሰባት ዓመት በእስር በኖረው በኔልሰን ማንዴላ ስም ተሰይሟል። የደንቡ መሠረተ ሐሳብ ግልጽ ነው። ቅጣቱ ነፃነትን ማጣት ራሱ ነው፤ እስር ቤት በዚያ ላይ ሌላ ስቃይ ሊጨምርበት አይገባም። የእስራቱ ዓላማ ኅብረተሰቡን ከወንጀል መጠበቅ ሲሆን፣ ይህም የሚገኘው ታራሚው ሕግ አክብሮ ራሱን ችሎ ለመኖር ተዘጋጅቶ ሲወጣ ብቻ ነው። በአገራችንም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ማረሚያ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1174 ማረምንና ማነፅን የማረሚያ ቤቶች ዓላማ አድርጓል። የቀረው ይህን ቃል በተግባር መተርጎም ነው።

ወደ ድሬዳዋ እንመለስ። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን በጎርፍ ወሰደ። ከዚያ በኋላ በወንዙ ዳርና ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠራ። ግንቡ አስፈላጊ መሆኑን የሚጠራጠር የድሬዳዋ ነዋሪ የለም። ነገር ግን ጎርፉ የሚመነጨው ከከተማው ውስጥ ሳይሆን ከላይ፣ ዛፉ ተመንጥሮ አፈሩ ከተራቆተው ተራራ ነው። በተራራው ላይ እርከን ካልተሠራና ችግኝ ካልጸደቀ፣ ግንቡ በየክረምቱ ከፍ እያለ መሠራት ሊኖርበት ነው። ቅጣት ግንብ ነው፤ መከላከልና ማረም ደግሞ እርከን ናቸው። ግንብ ሳይኖር እርከን የዛሬውን ጎርፍ አያቆምም። እርከን ሳይኖር ግንብ የነገውን አይችልም።

የኮንትሮባንድን ጉዳይ በዚህ ዓይን መመልከት ይቻላል። ኮንትሮባንድ የመንግሥትን ገቢ ይቀንሳል፤ ሕጋዊውን ነጋዴና የአገር ውስጥ ፋብሪካውን ይጎዳል። ሆኖም በዚህ ሥራ ውስጥ ያሉት ሰዎች ሁሉ እኩል አይደሉም። በአንድ ወገን ገንዘቡን የሚያወጣ፣ መኪናውን የሚያሰማራ፣ ጉቦውን የሚሰጥና ትርፉን የሚሰበስብ ባለሀብት አለ። በሌላ ወገን ለዕለት እንጀራ ጥቂት ጥቅል ጨርቅ የምትሸከም እናትና መንገድ የሚጠቁም ወጣት አሉ። ተሸካሚው ሲያዝ ባለቤቱ ሌላ ተሸካሚ ይቀጥራል። የድሮው ባቡር እየተዳከመ ሄዶ አገልግሎቱ ሲያቆም በሐዲዱ ዙሪያ በጭነት፣ በጥገናና በችርቻሮ ይተዳደር የነበረው ብዙ ሰው መተዳደሪያውን አጥቷል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ስለተሠራ፣ በለገሃሬ ዙሪያ የነበረውን የኑሮ ትስስር መልሶ አልተካም። ይህን ተጨባጭ ሁኔታ ያልተመለከተ ፍርድ ተሸካሚውን በእስር እያከማቸ ዋናውን ባለቤት ከመረቡ ውጭ ያስቀራል። ጠንካራው ቅጣት በዋናው ባለቤት ላይ ሲያርፍና መያዙም አይቀሬ ሲሆን፣ ለተሸካሚው ደግሞ የሥራ በር ሲከፈት ብቻ ነው ሰንሰለቱ የሚበጠሰው።

ከዚህ በመነሣት አምስት ተግባራት ትኩረት ይሻሉ እንላለን።

አንደኛ፣ ታራሚዎችን መለየት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሳተውን ወጣት ሥራዬ ብሎ ከያዘው ወንጀለኛ ጋር በአንድ ክፍል ማሳደር በመንግሥት ወጪ የስርቆት ትምህርት ቤት መክፈት ማለት ነው። ሕጋችን ከ9 ዓመት በታች ያለን ሕፃን ከወንጀል ኀላፊነት ነፃ ያደርጋል። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለውም ከአዋቂ ወንጀለኞች ጋር እንዳይታሰር ይከለክላል። ይህ ክልከላ በየፖሊስ ጣቢያውና በየማረሚያ ቤቱ በሙሉ ሊከበር ይገባል።

ሁለተኛ፣ እስራትን የመጨረሻ መሣሪያ ማድረግ ነው። ለቀላል ጥፋት ሕጉ ራሱ የገደብ ፍርድንና ከ1 ቀን እስከ 6 ወር የሚደርስ የግዴታ ሥራን አዘጋጅቷል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ በቀላል ወንጀል የተፈረደባቸውንና ልጅ የያዙ እናቶችን ጨምሮ ከ4,000 በላይ ታራሚዎች በይቅርታ ተለቀዋል። በችግር ጊዜ ከደጅ ሊሆን የሚችል ሰው በደህናው ጊዜም በሥራ እየካሰ ከደጅ ሊቀጣ ይችላል። የደቻቱን ግንብ መጠገንም ሆነ በተራራው ላይ እርከን መሥራት ለግዴታ ሥራ የሚመጥን ክቡር ሥራ ነው።

ሦስተኛ፣ በእስር ያለው ጊዜ የሥራና የትምህርት ጊዜ እንዲሆን ማድረግ ነው። ድሬዳዋ የባቡር ጥገና፣ የጨርቃ ጨርቅና የሲሚንቶ ሠራተኛ ያፈራች ከተማ ናት። ዛሬም የኢንዱስትሪ ፓርክና በ2014 ዓ.ም. የተቋቋመ ነፃ የንግድ ቀጣና አላት። በብየዳ፣ በስፌት፣ በግንባታ፣ በኤሌክትሪክ ሥራና በመጋዘን አያያዝ የሠለጠነ ታራሚ ሲወጣ የሚፈለግ ሠራተኛ ይሆናል። የሚሰጠው ሥልጠና ከከተማው የሥራ ፍላጎት ጋር ካልተገናኘ ግን ቀን መግፊያ ብቻ ሆኖ ይቀራል። በሥራው የሚያገኘው ገንዘብም በከፊል ለበደለው ሰው ካሳ ቢውል፣ ቅጣቱና እርማቱ በአንድ ተግባር ይጣመራሉ።

አራተኛ፣ ከሕዝቡ የዕርቅ ባህል መማር ነው። ድሬዳዋ በዚህ ረገድ ሀብታም ናት። የኦሮሞ ጉማ በዳይንና ተበዳይን በካሳና በዕርቅ ያገናኛል። በ2017 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው የኢሳ ሶማሌዎች ሄር ደም እንዳይዘመት ለሟች ወገን ግመል እየቆጠረ ያስክሳል። እነዚህ ሥርዓቶች ዘመናዊው ፍርድ ቤት ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውን ተበዳይ በመካከል ያስቀምጡታል፤ በዳዩንም ከነዘመዱ ኀላፊ ያደርጉታል። ይህ ማለት ግን ሽማግሌ ፍርድ ቤትን ይተካል ማለት አይደለም። የተደፈረች ልጅ ጉዳይ ያለ ፈቃዷ በወላጆች መካከል በካሳ የሚደመደም ከሆነ፣ ዕርቅ መባሉ ቀርቶ ሁለተኛ ወንጀል ይሆናል። ዕርቁ ቂምን ያብርድ፤ ፍርዱን ግን ሕግ ይስጥ።

አምስተኛና ዋነኛው፣ ታራሚው ከተፈታ በኋላ ያለው ቀን ነው። የፍርዱን ዘመን ጨርሶ የወጣ ሰው ዕዳውን ከፍሏል። ነገር ግን ሥራ ሲጠይቅ ከወንጀል ነፃ የመሆን ማስረጃ አምጣ ይባላል፤ ቤት ሲከራይ ዋስ ያጣል፤ ጎረቤቱም ልጆቹን ከእርሱ ያርቃል። ፍርድ ቤት ሦስት ዓመት የፈረደበትን ሰው ሠፈሩ ዕድሜ ልክ ይፈርድበታል። በዚህ ጊዜ እጁን ዘርግቶ የሚቀበለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም የድሮው የወንጀል ጓደኛው ነው። ሕጋችን ለዚህ መድኀኒት አዘጋጅቷል። «መሰየም» በሚባለው ድንጋጌ መሠረት የተወሰነ ጊዜ በመልካም ጠባይ ያሳለፈ ሰው ፍርዱ ከመዝገብ እንዲሰረዝለት ፍርድ ቤትን ሊጠይቅ ይችላል። ከዚያ በኋላ በክፋት ተነሣስቶ በድሮው ወንጀል የሚሰድበው ራሱ በሕግ ይጠየቃል። ይህን መብት ስንቱ ታራሚ ያውቀዋል? ማረሚያ ቤት ታራሚውን ሲሸኝ ይህን መብቱን በሚገባው ቋንቋ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በሶማልኛም፣ ሊያስረዳው ይገባል። እድሩ፣ መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ ለተመላሹ ዋስ ቢሆኑ፣ ፋብሪካውና ነጋዴውም ከሚቀጥሯቸው መካከል ጥቂት ቦታ ቢተዉለት፣ ይህ የምጽዋት ሥራ አይሆንም። የራስን ቤትና ሱቅ ከመሰበር የማዳን ሥራ ነው።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል የሚሉ ይኖሩ ይሆናል። እርግጥ ይጠይቃል። ታራሚን ማብላት፣ ማልበስና መጠበቅም ገንዘብ ይጠይቃል። ከሁሉ የከፋው ወጪ ግን አንድን ሰው ሁለት ጊዜና ሦስት ጊዜ ማሰር ነው። ያው ሰው በተመላለሰ ቁጥር አዲስ ተበዳይ፣ አዲስ መዝገብና አዲስ ዕንባ አለና። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ብልሃት በወንጀል ላይም ይሠራል።

ባጠቃላይ ቅጣት የኅብረተሰቡ መብት ነው፤ ማረም ደግሞ ግዴታው ነው። መብቱን ተጠቅሞ ግዴታውን የዘነጋ ኅብረተሰብ ወንጀልን ለጊዜው ይሸሽገዋል እንጂ አያጠፋውም። ግዴታውን ብቻ ይዞ መብቱን የተወም ተበዳዩን ዳግመኛ ይበድላል። ስለዚህ ዳኛው ሲፈርድ የሚፈታበትን ቀን፣ የማረሚያ ቤት ሠራተኛው በር ሲቆልፍ በር የሚከፍትበትን ቀን፣ የሠፈሩ ሰውም ተመላሹን ሲያይ ነግ በእኔ ማለትን ያስብ። ማረሚያ ቤት የሚለው ስም እውነተኛ ትርጉሙን የሚያገኘው ከደጁ የወጣው ሰው በቀፊራ ገበያ በላቡ ሠርቶ ሲገኝና የተበደለችው ነጋዴም ያለ ሥጋት ዕቃዋን ዘርግታ ስትውል ነው።